ሁለቱ አናርጊሮሶች በአንድ መዝገብ

ኤቫንቲያ ካራቬላ ኮምፒውተሩን ጠልታው አታውቅም። ስትጠላ የኖረችው ኮምፒውተሩ ፊት የሚቀመጡትን ሰዎች ነው።

በካቶ ሊማኒ ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት፤ ሃምሳዎቹን ያጋመሰች፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ መነጽሯን የምትፈልግ፣ ስትቆጣ ድምፅዋ እስከ ወደቡ የሚሰማ ሴት። ካቶ ሊማኒ ያለችበት ደሴት ትንሽ ናት። መንግሥት በየዓመቱ አንድ አዲስ ተመራቂ ሐኪም ይልክላታል፤ ልጁ ሰዉን ለይቶ ሲጨርስ ዓመቱ ያልቅና ሻንጣውን ይዞ መርከብ ላይ ይወጣል። በምትኩ ሌላ ይመጣል። መጤው ታዲያ በሽተኛ ሲገባለት ስሙን አንዴ ጽፎ ይፈልጋል፤ ካጣው "የለም" ይልና "አዲስ መዝግብ" የሚለውን ይጫናል።

ስም ደግሞ እዚያ አገር መከራ ነው። "ኢ" የምትለዋ አንዲት ድምፅ በብዙ ዓይነት ፊደል ትጻፋለች፤ እንደኛ ሀሌታው ሀ እና ሐመሩ ሐ መሆኑ ነው። አንዱ ሐኪም በዚህኛው ሲጽፍ ሌላው በዚያኛው ይፈልጋል። ፖሊክሴኒ የምትባል መበለት በአባቷ ስም ተመዝግባለች፤ በሟች ባሏም ስም አለች፤ ክሴኑላ በሚለው የቁልምጫ ስሟም እንደ ሌላ ሰው ሆና ተቀምጣለች። የክትባት ጥሪ በወጣ ቁጥር ሦስት ደብዳቤ ይደርሳትና "እናንተ፣ ወንፊት ልታደርጉኝ ነው?" እያለች ትመጣለች። የኢንተርኔቱ መስመር ሲዘገይ ደግሞ "አስገባ" የሚለውን ደጋግመው ይመቱታል፤ በእያንዳንዱ ምት አንድ ሰው ይወለዳል።

"ዶክተር፣ በር እያንኳኳህ ነው እንዴ? አንዴ ተጭነህ ጠብቅ!" አለችው የዚያን ዓመቱን፣ ስቴርጊዮስ የሚባለውን ቀጭን ልጅ።

"አልሠራ ሲለኝ እኮ ነው፣ እትዬ ኤቫንቲያ።"

"ሠርቷል! አራት አድርጎ ነው የሠራልህ!"

በተረፋት ሰዓት ሁሉ የተደጋገመውን ስትለቅም ትውላለች፤ በማግስቱ ተደጋግሞ ይጠብቃታል። አንድ የመጋቢት ጠዋት ትዕግስቷ ተሟጠጠና ዋናው ደሴት ላይ ላለው የኮምፒውተር ባለሙያ ደወለች። ፎቲስ ይባላል፤ በስልክ እንጂ በዓይኗ አይታው አታውቅም።

"ፎቲስ፣ በእመቤታችን ይዤሃለሁ፣ አንድ ሰው ሁለቴ እንዳይገባ ዝጋልኝ።"

"በምን ልዝጋው? ሁሉም ሰው የጡረታና የሕክምና መለያ ቁጥር አለው። በሱ ይሁን።"

"የትኛው ሽማግሌ ነው ቁጥሩን ይዞ የሚመጣው? እዚህ ሰው ጥርሱን እንኳ ረስቶ ነው የሚመጣ። በስም አድርገው። ስም፣ የቤተሰብ ስም፣ የተወለደበት ዓመት፤ አበቃ።"

"የአባት ስምስ?"

"ግማሹ አሮጌ ካርድ ላይ የለም።"

"ሦስቱም አንድ የሚሆንባቸው ሁለት ሰዎች ቢኖሩስ?"

"በዚህች ድንጋይ ላይ? እኔ የማላውቀው ሰው አለ? የለም አልኩህ።"

"ቢያስቡበት ይሻላል፣ እትዬ ኤቫንቲያ—"

"ጨጓራዬን አትላጠው፣ ፎቲስ! ዝጋው!"

ዘጋው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።

በካቶ ሊማኒ ሰው በመዝገብ ስሙ አይጠራም፤ ሁሉም ቅጽል ስም አለው። ጎንበስ ብሎ ወደ ጎን የሚራመደው ዓሣ አጥማጅ "ሸርጣኑ" ነው። ደረቱን ነፍቶ የሚሄደው ንብ አናቢ "አውራ ዶሮው" ነው። ሁለቱ የወንድማማች ልጆች ናቸው፤ ከአያታቸው በወረሱት አንድ የበለስ ዛፍ ተጣልተው ከተኳረፉ ሰንብተዋል። ኤቫንቲያ ሁለቱንም ከልጅነታቸው ጀምሮ ታውቃቸዋለች፣ የጠባቸውንም ሥር ታውቃለች። ያላሰበችው አንድ ነገር ነው። በደሴቲቱ ልማድ የበኩር ወንድ ልጅ በወንድ አያቱ ስም ይጠራል፤ ሁለቱም በኩር ናቸው፣ አያታቸውም አንድ ነው። ስለዚህ ሸርጣኑ አናርጊሮስ ቮርሊስ ነው። አውራ ዶሮውም አናርጊሮስ ቮርሊስ ነው። በአንድ ዓመት ነው የተወለዱት።

ግንቦት ላይ የኤቫንቲያ ልጅ ፒሬዎስ ከተማ ወልዳ እናትየው ልታርሳት ሄደች። በዚያ ሰሞን አውራ ዶሮው ሳል ይዞት ጤና ጣቢያው ደረሰ። ጤነኛ ሰው ነበርና ኮምፒውተሩ ከመጣ ወዲህ ደጁን ረግጦ አያውቅም። ስቴርጊዮስ ሊመዘግበው ሲል ቀይ ጽሑፍ ብልጭ አለ፦ ይህ ሰው አስቀድሞ ተመዝግቧል። ልጁ ደስ አለው፤ የኤቫንቲያ ቁጣ ቀረለት። የተመዘገበውን ከፍቶ አነበበ።

"ስኳርዎ እንዴት ነው፣ አቶ አናርጊሮስ?"

"የምን ስኳር?"

"አይደብቁኝ፤ እዚህ ተጽፏል።"

"የኔ ጌታ፣ እኔን ያመመኝ ሳል ነው።"

"ስኳር ያለበት ሁሉ መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚለው። ከዛሬ ጀምሮ ማር አይቀምሱም።"

ይህን ንብ ለሚያነብ ሰው ነው የሚለው። አውራ ዶሮው ደረቱ ሟሽሾ ወጣ። ለጥንቃቄ የተወሰደው ደሙ ዋናው ደሴት ተመርምሮ ውጤቱ ተላከ፤ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነበር። ውጤቱ እዚያው መዝገብ ውስጥ ገባ።

ሳምንት ሳይሞላ ሸርጣኑ ለክትትሉ መጣ። የጣት ደም መለኪያው ወረቀት አልቆ መርከብ ይጠበቅ ነበርና ስቴርጊዮስ የመጨረሻውን ውጤት ከኮምፒውተሩ ላይ አየ። ተገረመ።

"ጎበዝ! ስኳርዎ እኮ ከኔ ይሻላል። ኪኒኑን በግማሽ እንቀንሰው።"

"ለሚስቴ ጻፍልኝ፤ እኔን አታምነኝም" አለ ሸርጣኑ። ጻፈለት።

ኤቫንቲያ ከፒሬዎስ የተመለሰችው ለሐምሌ መባቻ፣ ለቆዝሞስና ድምያኖስ በዓል ዋዜማ ነበር። ያለ ዋጋ ያክሙ ለነበሩት ለነዚያ ሁለት ቅዱሳን የሚውለው በዓል፣ "አናርጊሮስ" ማለት "ገንዘብ የማይቀበል" ነውና፣ አናርጊሮሶች ሁሉ እንደ ልደት የሚያከብሩት የስማቸው ቀን ነው። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጠረጴዛ ተዘረጋ። ሁለቱ ያጎት ልጆች ጀርባ ለጀርባ በተለያየ ጠረጴዛ ነገሡ።

አውራ ዶሮው ፊት ዱባና ውሃ ብቻ አለ። ኤቫንቲያ ባቅላባ ይዛ ሄደች።

"እንኳን አደረሰህ! እንካ ጉረስ።"

"አይሆንልኝም። ስኳር አለብኝ።"

"አንተ? ከመቼ ወዲህ?"

"እኔ ምን አውቄ? ዶክተሩ ነው ያወቀው። ግንቦትንና ሰኔን ማሬን በዓይኔ እያየሁ ከረምኩ።"

ከኋላዋ የሸርጣኑ ሳቅ ተሰማት። ዞር ብትል አንድ ሳህን ባቅላባ ጨርሶ ሁለተኛውን ይዟል፤ ውሃውን በማሰሮ ይጠጣል።

"አንተ ሰውዬ፣ ልትሞት ነው? ስኳር ያለብህ አይደለህም እንዴ!"

"ጠፋልኝ! ዶክተሩ ጽፎልኛል። ማሪጎ፣ ወረቀቱን አሳያት!"

ሚስቱ ማሪጎ ቦርሳዋን ስትከፍት ኤቫንቲያ አንዴ ይህን ጠረጴዛ፣ አንዴ ያንን አየች። አናርጊሮስ፤ አናርጊሮስ። "እመቤቴ ማርያም" አለች።

ሸርጣኑ ሊነሳ ሲል ተንገዳገደ። ለቀናት ውሃ ሲጠማውና ሲያቅለሸልሸው እንደ ከረመ ማሪጎ በኋላ ተናገረች፤ ደስታውን እንዳታበላሽበት ብላ ዝም ብላ ነበር። ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሱት። አዲሱ መለኪያ ቁጥር መስጠቱን ትቶ "በጣም ከፍተኛ" ብቻ አለ። ስቴርጊዮስ መዝገቡን ከፍቶ "ግን እኮ ውጤቱ…" ሲል ኤቫንቲያ ከኋላው ቆማ አንብባ ጨረሰች።

"ዶክተር፣ ይሄ ሁለት ሰው ነው።"

ጀልባ ተጠርቶ ሸርጣኑ ወደ ዋናው ደሴት ተወሰደ። ማሪጎ ጀልባው እስኪሰወር ወደቡ ላይ አልቅሳ በሚቀጥለው መርከብ ተከተለችው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈ።

በማግስቱ ስቴርጊዮስ ዓይኑ አብጦ መጣ። መፍትሔ አግኝቻለሁ አለ።

"አንደኛው ስም መጨረሻ ላይ ነጥብ እናድርግበታለን። ነጥብ ካለው ሌላ ሰው መስሎት ያስገባዋል።"

ኤቫንቲያ ብዕሯን አስቀመጠች። "እንዴት አወቅህ?"

"አንዳንዴ… ሲያስቸግረኝ አድርጌዋለሁ።"

ፈለገች። ፖሊክሴኒ ባለ አንድ ነጥብ፣ ፖሊክሴኒ ባለ ሁለት ነጥብ። የወደቡ ዘበኛ ባለ ነጥብ። ቄሱ ባለ ነጥብ።

"ቄሱንም!" ብላ ጮኸች፤ በር ላይ ተራ የሚጠብቁት ተነሥተው ቆሙ። "መቆለፊያ ካስገባሁ በኋላ በመስኮት ነው እንዴ የምታስገባቸው? ሰው በነጥብ ይለያል? አንተስ ነጥብ አለህ?"

ልጁ አቀረቀረ። አንጀቷን ያሳረረው የሱ ነጥብ ብቻ አልነበረም፤ "የለም አልኩህ" ያለችው ራሷ ናት። ሁለቱንም ወንዶች ከእናታቸው ጡት ጀምሮ እያወቀቻቸው፣ ስማቸውን አንድ ቀን አጠገብ ላጠገብ አስቀምጣ አላየችውም። ሻይ አፍልታ ለስቴርጊዮስም ቀዳችለት፤ ከዚያ ደወለች።

"ፎቲስ። ቁጥሩን አድርገው።"

"እሺ፣ እትዬ ኤቫንቲያ።"

"ነግሬዎት ነበር አትልም?"

"ለምን እላለሁ?"

አለማለቱም አናደዳት። ፎቲስ በሰከነ ድምፅ ቀጠለ፤ መቆለፊያውን ከስክሪኑ ላይ አንስቶ ከሥር፣ መዝገቡ ራሱ ላይ ያደርገዋል፤ "አስገባ" መቶ ጊዜ ቢመታ አንድ ቁጥር አንዴ ብቻ ይገባል። ስም ቢመሳሰል አይከለክልም፤ ግን የሚመሳሰሉትን ሁሉ ደርድሮ "ከነዚህ አንዱ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ቁጥር ሳይዝ አፍንጫው እየደማ የመጣ ሰውም ይታከማል፤ በጊዜያዊ መዝገብ ይቀመጥና ቁጥሩ ሲመጣ ይዛወራል።

"እሱን መጋቢት ላይ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

"ስልኩን ዘግተውት ነበር።"

ያ በጋ በቁጥር ልመና አለቀ። ሰዉ ተቀየማት። "ቂጥሽን ያጠበችው እናቴ ናት፣ ዛሬ ቁጥር ትጠይቂኛለሽ?" አሏት አንድ ሽማግሌ። "አውቅዎታለሁ፣ ኮምፒውተሩ ነው የማያውቅዎ" ስትላቸው "እንግዲያው እሱ ይተዋወቀኝ" ብለው ተቀመጡ። ከቤታቸው ካርዳቸውን ያመጣችው ራሷ ናት።

ነሐሴ ላይ ሁለቱ ያጎት ልጆች በአንድ ጠዋት ካርዳቸውን ይዘው መጡ። በአንድ ክንድ ርቀት ቆመው አንዱ አንዱን አያይም።

"ንገሪው" አለ አውራ ዶሮው፣ "ማሬን ያስከለከለኝ የሱ ስኳር ነው።"

"ንገሪው" አለ ሸርጣኑ፣ "እኔን ጀልባ ላይ ያስጋደመኝ የሱ ደም ነው።"

"አሮጌው መዝገብ የማን ነው? እኔ በወር እበልጠዋለሁ በይው።"

"ቀድሜ የታመምኩት እኔ ነኝ በይው!"

ኤቫንቲያ በሁለት እጇ ጠረጴዛውን መታች። "እኔ ቧንቧ ነኝ? ሁለታችሁም ጆሮ አላችሁ! አሮጌው የሸርጣኑ ነው፤ የሱ ሕመም ነው ያለበት። ላንተ አዲስ እከፍትልሃለሁ፣ ሳልህን ይዤ አዛውርልሃለሁ። አሁን ቁጥር!"

ቁጥራቸውን አነበቡ። ሁለት አናርጊሮስ ቮርሊስ፣ አንዱ የፓንዴሊስ ልጅ፣ አንዱ የትራሲቮሎስ ልጅ፣ ከላይና ከታች ተቀመጡ። ሳይነጋገሩ መጡ፣ ሳይነጋገሩ በተለያየ መንገድ ሄዱ። ሸርጣኑ ግን በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ ለማንም ሳይናገር፣ "ሁለት ወር ያለ ማር… ከባድ ነው" አለ።

መስከረም ላይ ስቴርጊዮስ ሻንጣውን ያዘ። ሲሰናበታት ይቅርታ ጠየቃት፤ እሷም "እኔም አለሁበት" አለችውና አቅፋ ሳመችው። በተከታዩ ሰኞ አዲሷ ሐኪም መጣች፤ ጸጉሯን ያስረዘመች፣ ፈጣን ልጅ። ኤቫንቲያ ወንበሯን ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

"አንቺ ልጅ፣ ከመጻፍሽ በፊት ጠይቂ። ቁጥር ነው መጀመሪያ።"

"ቁጥሩን ባያውቁትስ?"

"ታግሰሽ ትፈልጊያለሽ።"

"ብዙ ሰው ተሰልፏል እኮ።"

"ይሰለፍ!" አለች ኤቫንቲያ፤ ያን ጊዜ ማተሚያው ወረቀት ውጦ ያፏጭ ጀመርና እየተነጫነጨች ልትከፍተው ተነሣች።