«ብቻዋን ታወራለች»

ሞባይል ገና በየሰው እጅ ሳይገባ ነው፤ ስልክ መጣልሽ ተብዬ ወደ ጎረቤት ሱቅ ሮጥኩ። ወንድሜ ነው፣ ከሰቆጣ።

«እታለም፣ አትደንግጪ። እናታችን አእምሮዋ ታውኮ ሆስፒታል አስተኝተናታል። አዲስ አበባ እንልካታለን እያሉ ነው። እኔን አረሙ አጣድፎኛል፣ ወደ ፃግብጂ ወደ ማሳዬ መመለሴ ነው። ድረሺላት።»

ካለሁበት ከደቡብ አገር ተነሥቼ አውቶቡስ ስቀያይር፣ እመቤቴን የለመንኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳትላክ እንድደርስባት።

ደረስኩ። እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በአገራችን ቋንቋ፣ በኸምጣኛ፣ ታነበንባለች። ሲስተሯ ከሌላ አገር የተመደበች ልጅ ናት፤ ካርዱን አነበበችልኝ፦ «ምግብና ኪኒን እምቢ ትላለች። ብቻዋን ታወራለች። ንግግሯ ትርጉም የለውም።»

«ምግቡን መቼ ነው የምትሰጧት?» አልኳት።

«ጠዋት ዳቦና ሻይ፣ ቀትር ላይ ምሳ።»

እናቴ ዞር አለችና በአማርኛ፣ «በፍልሰታ በጠዋት ዳቦ የሚያቀርበው ደኅና፣ እኔ እብድ!» አለች። በዙሪያዋ የተኙት ሴቶች ሳቁ። ሲስተሯንም ሳቅ አመለጣት።

ሕመሙ ግን እውነት ነበር። ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኳት። አብዛኛው ከልጅነቴ የማውቀው ጸሎቷ ነው። በመሃል ግን የሞተውን ሌላውን ወንድሜን «መጣሁ፣ አታልቅስ» ትለዋለች። ሁለቱን ለይቼ ለሲስተሯ ነገርኳት። በማግስቱ እናቴ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ስትበላ አይታ፣ የድሮውን በአንድ መስመር ሰርዛ እያነበበችልኝ ጻፈች፦

«ፍልሰታን ትጾማለች፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በልታለች። በኸምጣኛ ትጸልያለች። የሞተ ልጇ እንደሚጠራት ትናገራለች፣ ትመልስለታለች። ያስተረጎመችው ልጇ ናት።»

ሐኪሙ ያንን አንብቦ፣ «እንግዲያው እዚሁ እናክማታለን» አለ። ኪኒኑም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሆነ። ድምፁ እየራቀ ሄደላት፤ አገሯ ገብታ ዓመታት ኖረች። አሁን አርፋለች፣ ነፍሷን ይማር።

እኔ ከመድረሴ በፊት የነበሩት ቀኖች ግን ካርዱ ላይ «ታወራለች» ከማለት በቀር ምንም የላቸውም። እናንተ አጠገቧ የተኛችሁ፣ ኸምጣኛ የምትሰሙ እናቶቼ፣ ያኔ የጠየቃችሁ የለም። እኔ ልጠይቃችሁ፦ ምን ትል ነበር? ክፉም ቢሆን አትደብቁኝ። እኔንስ ጠርታኝ ነበር?