የእትዬ አስካለ ሁለተኛ ዓይን

ከቦሌ ወደ ኢንቴቤ

በ2014 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ካምፓላ የሄድኩት አንድ በር ሲከፈት ለመቅረጽ ነው። ለዚህ ብሎ አገር ይሻገራል ወይ የሚል ካለ እናቴ ቀድማዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ በፊልም ሥራ ካሜራና መብራት እይዛለሁ። ከጓደኛዬ ከዳይሬክተሩ ዳዊት ጋር የጀመርነው ፊልም የመጨረሻው ትዕይንት ብቻ ሲቀረው ኮሮና መጣና ሁሉም ተዘጋ። እናቲቱን ሆነው የሚጫወቱት እትዬ አስካለ በዚያው ሰሞን ልጃቸውን ሊጠይቁ ካምፓላ ሄደው ነበር። መንገድ ሲከፈት የልጅ ልጅ ማሳደግ ጀምረው አገኘናቸው። ያለ እሳቸው ደግሞ ፊልሙ መጨረሻ የለውም። የእናቱን ቤት ሸጦ የጠፋ ልጅ ከዓመታት በኋላ መጥቶ በሯን ያንኳኳል፤ ትከፍታለች፤ ይቅር ትለዋለች። አንድም ቃል አትናገርም። ይቅርታው የሚታየው ፊቷ ላይ ነው፤ ፊቷን የሚያሳየው ደግሞ የእኔ መብራት ነው።

"ያለዚያች በር እንዳትመለስ" አለኝ ዳዊት ቦሌ ሲሸኘኝ። የቀረን ገንዘብ ከአንድ ትኬት ስለማያልፍ ቀልዱን አልነበረም።

ሻንጣዬ ውስጥ ካሜራ፣ አንድ መብራትና የእትዬ አስካለ እህት የላኩት በርበሬ ነበር። ኢንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ ፈታሹ መብራቱን ዞር ብሎም አላየው፤ በርበሬውን ግን ከፍቶ አሸተተና ደጋግሞ አስነጠሰው። ዓይኑን እየጠረገ፣ እየሳቀ አሳለፈኝ። ይባርከው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ሻንጣዬን ሙሉ ይዘረግፍልኝ ነበር።

ሙየንጋ

ከኢንቴቤ ሲወጡ ሐይቁ በስተቀኝ ብቅ ጥልቅ ይላል። አፈሩ ቀይ፣ ሌላው ሁሉ አረንጓዴ ነው። የእትዬ አስካለ ልጅ የተከራየችው ቤት ሙየንጋ የሚባለው ኮረብታ ወገብ ላይ ነው፤ በሩ ወደ ምዕራብ ይከፈታል። ገና ሳልቀመጥ በሩን አየሁትና ደስ አለኝ። ባለ አንድ ተካፋች፣ ወፍራም የእንጨት በር ነው።

ለእራት ማቶኬ በቀይ ወጥ ቀረበ። ሙዝ በወጥ ይበላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ።

"ብላ እንጂ ዮናስ" አሉኝ እትዬ አስካለ። "እንጀራ ናፈቀኝ እንዳትለኝ፤ ዛሬ ጠዋት በልተህ ነው የመጣኸው።"

አንድ ዓይን

በማግስቱ ሙከራ አደረግን። እኔና ዳዊት የተስማማንበት መብራት ከጎን የሚመጣ ነው። ብርሃን ፊት ለፊት ሲመጣ ፊትን ያረጋጋዋል፤ ከታች ሲመጣ ያስፈራል፤ ከጎን ሲመጣ ግን ሰውን ለሁለት ይከፍለዋል፣ ከራሱ ጋር የሚታገል ያስመስለዋል። እኛም የፈለግነው ትግሉን ነበር። የእናትየው ግማሽ ፊት በርቶ ግማሹ ጨለማ ውስጥ እንዲቀር፣ ፊልሙም በዚያው እንዲያልቅ።

እትዬ አስካለ መነጽራቸውን አድርገው የቀረጽኩትን አዩ።

"ሌላው ዓይኔስ?"

"ጨለማው ውስጥ ነው። ሆን ብዬ ነው፣ እትዬ።"

"ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በአንድ ዓይን የሚሳለው ማነው?"

ወዴት እንደሚወስዱኝ ገባኝ። "ይሁዳ" አልኩ።

"ሰይጣንስ?"

"እሱም።"

"ጻድቃንስ?"

"በሁለት ዓይን።"

"ታዲያ እኔን ከየትኞቹ ጋር ነው ያቆምከኝ?"

እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። "ሰው በአንድ ዓይን አይምርም፣ ልጄ። ያየኝ ሁሉ በሩን የከፈትኩት ልጄን ልበቀለው ነው ይላል። እንዲህ ከሆነ አልሠራም።"

ለዳዊት ደወልኩ። "ፊቷን ሙሉ ካበራኸው የሳሙና ማስታወቂያ ይሆናል!" ብሎ ጮኸብኝ። ክፋቱ ሁለቱም ልክ ናቸው። በነጋታው ማታ አውሮፕላን ይጠብቀኛል፤ የሁለት ዓመት ልፋታችን በአንድ ዓይን ምክንያት ሊቀር ነው። በጣም ፈራሁ።

ናኪቩቦ

የማይረዳ ነገር መግዛት ሲጨንቀኝ የማደርገው ነው፤ ነጭ አንሶላ ልግዛ ብዬ ወጣሁ። ካቶ የሚባል ቦዳ፣ ማለትም የሞተር ታክሲ ነጂ በአምስት ሺህ ሽልንግ ናኪቩቦ ገበያ አደረሰኝ፤ በመንገድም ሮሌክስ አስበላኝ፤ እንቁላል በትኩስ ቻፓቲ፣ በቂጣ ተጠቅልሎ ማለት ነው። ነገ ለቀረጻው ዕቃ በመያዝ እንዲያግዘኝ ለመንኩት፤ ከሰዓት ስንት ሰዓት ልምጣ ሲለኝ አሥር ሰዓት ማለት ፈልጌ በእንግሊዝኛ ስንተባተብ "ሳዋ ኩሚ" አለ፣ አሥር ጣቱን ዘርግቶ። ለካ እነሱም እንደኛ ነው የሚቆጥሩት! በሰው አገር ሰዓቴ ሰዓት ሆኖ ስላገኘሁት ልቤ ትንሽ ረጋ።

የገባሁበት የጨርቅ ሱቅ ባለቤት አቶ ሀብቶም ኤርትራዊ ናቸው፤ የእትዬ አስካለ ጎረቤት። ከሱቁ ሁለት ተካፋች በር አንዱ ብቻ ክፍት ነበር። አንሶላውን ተቀብዬ ልከፍል ስል ከለከሉኝ።

"ጨርቅ በጨለማ አይገዛም፣ ሓወይ፣ ወንድሜ። ቆይ፣ በብርሃን እየው።"

ሄደው ሁለተኛውን ተካፋች ገፉት። እኔ አንሶላውን አላየሁም። ያየሁት የእሳቸውን ፊት ነው፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ብርሃኑ ከአንዱ ጉንጫቸው በአፍንጫቸው ተሻግሮ ሌላኛውን ዓይናቸውን ሲያገኘው።

"አቶ ሀብቶም፣ እባክዎ እንደገና ይዝጉት!" አልኩ። ያበድኩ መስሏቸው ይሆናል፤ ግን ዘጉት። ከዚያም ሲከፍቱ በደንብ አየሁት።

በሩ

ለካ መብራቱ አንድ ቦታ መቆም አልነበረበትም። እናትየው መጀመሪያ በጠባቡ ክፍተት በአንድ ዓይን ታየዋለች፤ ትግሉ ያ ነው። እንደምትምረው ስትወስን በሩን ራሷ ትከፍተዋለች፤ ሁለተኛው ዓይኗም ያን ጊዜ ይበራል። ዳዊትም በስልክ ሰምቶ "በል ሞክረው" አለኝ። እትዬ አስካለ ግን የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "የምከፍተው እኔ ነኝ?"

"እርስዎ ነዎት።"

"እንግዲያው እሠራለሁ።"

በነጋታው አሥር ሰዓት ሲሆን በሩ ላይ ታበራለች ያልናት ፀሐይ አልነበረችም፤ ደመናው ኮረብታው ላይ ተኝቷል። ትንሽ ጠብቀን ተስፋ ስንቆርጥ አንሶላውን አንዱን ጫፍ አቮካዶው ዛፍ ላይ አሰርኩ፣ ሌላውን ካቶ ያዘልኝ፤ መብራቴን አንሶላው ላይ ለቀቅሁት፤ ብርሃኑም ከዚያ እየለሰለሰ ወደ በሩ ተመለሰ። በፊልሙ ያለውን የልጁን ቃል የሚያነብልን ስለጠፋ አቶ ሀብቶም ሱቃቸውን ዘግተው መጡ።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ" አሉ ከካሜራው ጀርባ፣ በዚያ በሚጎተት አማርኛቸው። "ይቅር በይኝ።"

በሩ ትንሽ ተከፈተ። አንድ ዓይን። እትዬ አስካለ ከተለማመድነው በላይ ቆዩ። ነፋስ አንሶላውን ሲነካው ጉንጫቸው ላይ ያለው ብርሃን ተርገበገበ። ከዚያ በሩን በቀስታ ሳቡት፤ ብርሃኑ ተሻገረ፤ ሁለተኛው ዓይን በራ፤ እንባ ሞልቶበት ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ ቀረጽን። አቶ ሀብቶም ፊታቸውን ወደ ዛፉ አዙረው ቆዩ። ካቶ አንድም ቃል ሳይገባው አንሶላውን እንደያዘ ቆሞ ነበር፤ ለቆየህበት ልክፈልህ ስለው አሻፈረኝ አለ። ዝናቡ የወረደው መብራቴን ካስገባሁ በኋላ ነው።

ቤት

አዲስ አበባ ስገባ ደክሞኛል፤ ግን እንዲህ አመስጋኝ ሆኜ ከመንገድ ተመልሼ አላውቅም። መብራት ትርጉም የሚያገኘው ከእኔ ብቻ ሳይሆን ሰዉ በልቡ ይዞት ከመጣው ሥዕል ጭምር እንደሆነ ያስተማሩኝ እትዬ አስካለ ናቸው። የቀረውን ያሳየኝ የጨርቅ ሱቅ በር ነው።

ለዳዊት ከማሳየቴ በፊት እናቴን አጠገቤ አስቀመጥኳት፤ ታሪኩን አታውቅም፤ ድምፁንም ዘጋሁት። መጀመሪያ የሙከራውን፣ ያን ባለ አንድ ዓይኑን አሳየኋት።

"ምን ልታደርገው ነው ይህቺ ሴትዮ?" አለች ወደኋላ እያለች።

ሁለተኛውን ከፈትኩላት። በሩ ሲከፈት፣ ብርሃኑ ሲሻገር፣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

"እሰይ" አለች። "ልጇ መሆን አለበት፤ በሉ አሁን ይግባ፤ ደጅ አታቁሙት።"