ሁለት ሰዓት ላይ የታየው ተራራ

ልጃችን ከጀርመን እየደወለች፣ እኔንና እናቷን ፕራግን፣ ቪየናንና ዙሪክን ልታስጎበኘን ማቀድ ከጀመረች ሦስት ወር ሆነ። እንጅባራ ላይ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ከተሞቹ ይምታቱብኛል፤ ደክሞኛል። እስካሁን ያጸናኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አውሮፓ ተማሪ ሳለሁ በባቡር መስኮት ያየሁትንና ለባለቤቴ አርባ ዓመት ያወራሁላትን በረዷማ ተራራ ላሳያት እሻለሁ።

ልጄ የድሮ ማስታወሻዬን አስነበበችኝ፦ «ከዙሪክ ወደ ቪየና፤ ሁለት ሰዓት ላይ ተራራው ታየ።»

«አባዬ፣ በፈረንጅ ሁለት ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ ማለት ነው፣ ባቡሩ ሜዳ ላይ ነው። ተሳስተሃል፤ በአውሮፕላን እንለፈው» አለች።

በእርግጥ አይቼው ይሆን? መማል አልደፈርኩም።

ባለቤቴ ስልኩን ነጠቀችኝ። «አንተ ሰው፣ በሄድክ በስንት ወርህ ነው የጻፍከው?»

«በመጀመሪያው ወር ይመስለኛል።»

«ታዲያ ገና በአገራችን በቆሰበር ሰዓት ነበራ የምትኖረው! ጠዋት ነው ያየኸው።»

ልጃችን የባቡሩን መርሐ ግብር አይታ፣ የማለዳው ባቡር ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በተራሮች መካከል እንደሚያልፍ ነገረችን። ለባቡሩ ቀን እንዲተርፍ ፕራግን ሰረዝን፤ አንድ ከተማ መቅረቱ ለጉልበቴም በጀው። እኔ አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም። ባለቤቴ ግን በመስኮቱ በኩል የምትቀመጠው እሷ እንደሆነች ከወዲሁ አስታውቃናለች።