ፒክኒክን ፍለጋ በጢቾ መንገድ

ቅዳሜ ጧት ከአሰላ የተነሣሁት ለንግድ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ አልነበረም። በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ለመፍረድ ነበር።

ልጄ ጽጌ ስምንተኛ ክፍል ናት። እንግሊዝኛ የምታስተምራቸው ፈረንጅ፣ ተማሪዎቹ «ሚስ» የሚሏት፣ ናዝሬት ከሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ለጽጌ ቦታ አግኝታ የእኔን ፈቃድ ትጠብቃለች። እኔ ቶሎ የምፈቅድ ሰው አይደለሁም። ሳመነታ ሳለሁ ጽጌ መጥታ «አባባ፣ ሚስ ቅዳሜ ፒክኒክ ልትወስደን ነው» አለችኝ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደልንም እንግሊዝኛንም የተማርሁት ከስፌት መኪናዬ አጠገብ መጽሐፍ ዘርግቼ ነው። መዝገበ ቃላቴን ገለጥሁ። «ሜዳ ወጥቶ የሚበላ ምግብ» ይላል። ደሜ ፈላ። ቤት ያለው ሰው ምን ሆኖ ነው ሜዳ ላይ የሚበላው? መሶብ የምንከድነው፣ ስንበላ በር መለስ የምናደርገው በከንቱ ነው?

«ቃል በመጽሐፍ ብቻ አይታወቅም» አልኋት። «ሲሠራበት በዓይኔ አያለሁ። የጨዋ ነገር ከሆነ ናዝሬት ትሄጃለሽ። የባለጌ ነገር ከሆነ ከእኔ ጋር ስፌት ትቀመጫለሽ።»

«እሺ፣ አባባ» አለች። ዓይኗ ግን አብሯት የሚሄደውን ሽማግሌ፣ እኔን፣ እያየ ፈራ።

በመኪና

ወደ ጢቾ እህል ሊጭን ባዶውን የሚሄድ የጭነት መኪና አገኘን። ሾፌሩ በሰው ሃምሳ ሳንቲም ጠየቀ። ሰባት ልጃገረዶች፣ ሚስና እኔ ከኋላ ተሳፈርን። እኔ የክት ኮቴን ለብሼ፣ ክራባት አስሬ፣ ጃንጥላ ይዤ ነበር። ወደማላውቀው ግብዣ ስሄድ አለባበሴን አላዋርድም።

ጥቅምት አልቆ ገብሱ ቢጫ ሆኗል፤ ስንዴው ገና ነው። የጭላሎ ተራራ በግራችን በኩል ራሱን በደመና ጠምጥሞ ቆሟል። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ልጆቹ ግን አንገታቸውን አውጥተው ይዘፍናሉ፤ መኪናው በነጠረ ቁጥር ይጮኻሉ። ልከለክላቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ አቧራ ገባበትና ዘጋሁት።

ሜዳው ላይ

ሚስ ከአንድ ወንዝ በላይ፣ ሣሩ ለስላሳ ከሆነበት ጉብታ ላይ አስወረደችን። ሾፌሩ ሲመለስ ሊወስደን ተስማማ። ቦታው በእውነት ያምራል። ይሁንና ሚስ ያላወቀችው፣ እኔ ግን ወዲያው ያየሁት ነገር ነበር፤ ከጉብታው ሥር የሚያልፈው መንገድ የገበያ መንገድ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ነው።

ብርድ ልብስ አነጠፈች። ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና በቆርቆሮ የታሸገ ማርማላታ አወጣች። ባለቤቴ የላከችውን ድፎ ዳቦና ጭኮም ከመካከል አደረግን። ጭኮ ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚሠራ የአርሲ ስንቅ ነው። በጢቾ መንገድ የሚያልፈው አብዛኛው እስላም ስለሆነ፣ ሰው ቢገጥመን ብዬ ሥጋ እንዳትልክ ለባለቤቴ ነግሬያት ነበር።

እኔ እንደ ቆምሁ «ጉዳዩ ምንድን ነው?» አልሁ።

«ጉዳይ የለም» አለች ሚስ፣ በምትችለው አማርኛ።

«ማን ሊመጣ ነው?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን መጣን?»

«ለመብላት። ለማየት። ለመሳቅ። በቃ!»

ይህን የመሰለ ምክንያት ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ የሆነው ነገር አሳዘነኝ። ገበያተኛው መጉረፍ ሲጀምር ልጆቹ ሁሉ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጡ፤ ዳቦውን ነጠላቸው ውስጥ ደብቀው እንደ ሌባ ያኝኩ ጀመር። ጽጌ ጭራሽ አልነካችም። ሚስ ምግቡ የከፋባቸው መስሏት ፊቷ ጠቆረ። ያን ጊዜ ፍርዴን ልሰጥ እችል ነበር፤ ቃሉ በአገራችን አይበጅም ብዬ ወደ ቤት መመለስ። ግን የሴትዮዋ ፊት አላስቻለኝም።

«ሚስ፣ ምግቡ ጥሩ ነው» አልኋት። «በእኛ ዘንድ መንገደኛ እያየ አይበላም። ወይ ይከደናል፣ ወይ ሰውየው ይጠራል።»

ጥቂት አሰበች። «ታዲያ እንጥራ!» አለች።

ጽጌ እኔን አየች። ጃንጥላዬን ሣሩ ላይ ጣል አደረግሁና «ጥሪ» አልኋት።

ልጄ ብድግ ብላ «ኮታ ኛዳ!» ብላ በኦሮምኛ ተጣራች፤ ኑ ብሉ ማለት ነው። መጀመሪያ የመጡት ቅቤ ሸጠው የሚመለሱ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ቀጥሎ በፈረስ አንድ ሽማግሌ ደረሱ፤ ስማቸው ኦቦ ቃሲም ነው። ወርደው ሁላችንንም ተራ በተራ አዩ፤ ከሁሉ ይልቅ ክራባቴን።

«ሰርጉ የማን ነው?» አሉ።

«የማንም አይደለም፣ ኦቦ» አለች ጽጌ። «ፒክኒክ ነው። ሙሽራ የሌለው ሰርግ ይበሉት፤ ሁላችንም ሚዜ ነን።»

«ጥሎሽ የለውም?»

«የለውም!»

«ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ሰርግ ለአባቶች ነው የተሠራው!» ብለው ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቁጠረው? አንዷ ሴት ከቅሏ ወተት ቀዳች። ሌላ መንገደኛ የተቆላ ገብስ ከኪሱ ዘረገፈ። ኦቦ ቃሲም ማርማላታውን ቀምሰው «ማሩ ታሟል» አሉ፤ ግን ደገሙት። ሚስ ጭኮ በእጇ እየቆረሰች ጣቷን ትልሳለች፤ «በአገሬ አራት እንግዳ ሲመጣ ብዙ ነው» እያለች ትስቃለች። ጽጌ ከመካከል ሆና የሚስን ቃል ለኦቦ ቃሲም፣ የኦቦ ቃሲምን ለሚስ ታቀብላለች፤ አትሽኮረመም፣ አትደፍርም፣ ለታላቅ ጎንበስ ትላለች። እንዲህ ያለች ልጅ በቤቴ እንዳለች አላውቅም ነበር።

«ጋሼ» አሉኝ ኦቦ ቃሲም፣ ሙያዬን ከጽጌ ሰምተው ኖሮ ፈረሳቸውን እያሳዩኝ፣ «ልብስ ሰፊ ከወንበር ሌላ ነገር ላይ ይወጣል?»

ይህ ለወንድ ልጅ የሚባል ነገር አይደለም። ፈረሱ ላይ ወጣሁ። ፈረሱ ጉብታውን ወረደ፤ እኔ ግን ከመካከሉ ላይ ቀረሁ፣ በቂጤ ሣሩ ላይ። ሴቶቹ «እኔን!» አሉ፤ ልጆቹ ሳቃቸውን ሊውጡ ታገሉ፤ መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ስሆን ለቀቁት።

መልስ

መኪናው ሲመጣ ብርድ ልብሱ ላይ ፍርፋሪ እንኳ አልቀረም። ልጆቹ ደክሟቸው ተደጋግፈው ተቀመጡ። ጽጌ አጠገቤ ሆና ከነጠላዋ ላይ ሣር ትለቅም ነበር።

«አባባ፣ ቃሉን አገኙት?» አለች በመጨረሻ።

«ናዝሬት ሜዳ አለ?»

«አለ ይላሉ።»

«እንግዲያው ስትበዪ መንገደኛ ጥሪ።»

ገባት። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል መኪናው ነጠረና ግንባሯ ከጉልበቴ ተጋጨ። ሁለታችንም «እኔን!» አልን።

አንባቢ ሆይ፣ ልጅ ያለህ እንደሆነ ይህን ልንገርህ። መጽሐፉ አልዋሸኝም፤ ሜዳ ወጥቶ የሚበላ ምግብ ነው። ነገር ግን ከማን ጋር እንደሚበላ አልነገረኝም፤ ያንን የጨመርነው እኛ ነን። የሰው አገር ቃል ቤትህ ሲመጣ በሩ ላይ አትፍረድበት፤ አስገባውና የራስህን ወንበር ስጠው።

አሰላ የገባነው ሳይጨልም ነው። ባለቤቴ ኮቴን ስትቀበለኝ ከሱሪዬ ኋላ ያለውን አረንጓዴ እድፍ አየች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ደንግጣ።

«ፒክኒክ ነው» አልኋት።