ተቆጣጣሪው ያላየው አረም

ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ ምደባ በምጠብቅበት ዓመት የእናቴ ሻይ መረረ። እናቴ ከድንበሩ ማዶ ሄሉ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ትንሽ ሻይ ቤት አላት። ጥፋቱ የሻይ ቅጠሉ አልነበረም። ወተት የምታመጣልን ጎረቤታችን የቦረና ሴት ናት፤ ሣሩ ሲያልቅ ላሞቿ ቅንጬ የሚባለውን አረም መብላት ጀመሩ። ቅንጬ የበላች ላም ወተቷ ይመራል።

"እመቤት፣ እኔ ያዘዝኩት ሻይ ነው፤ ኮሶ አይደለም" አላት አንድ የከብት መኪና ሹፌር።

"ኮሶ ቢሆንማ ያሽርህ ነበር" አለው ረዳቱ።

ሁለቱም ተመልሰው አልመጡም። እናቴ ስኳር ጨመረች፤ ቀጥላ ዝንጅብል ጨመረች። ደንበኞቿ ግን እየቀነሱ ሄዱ። ከሌላ ሰው መግዛትም አይረዳም፤ የሰፈሩ ከብት ሁሉ የሚሰማራው አንድ ሜዳ ላይ ነው።

በዚያው ሰሞን ካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ለአረም ማጥፊያ በጀት መመደቡ ተሰማ። ቺፍ የምንለው የሰፈሩ ሹም ሻይ ቤታችን ድረስ መጥቶ አስረዳን። ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ አረሙን በዓይኑ አይቶ ቅጽ ላይ ይመዘግባል፤ በተመዘገበበት ሰፈር ሠራተኛ ተቀጥሮ ይነቀላል። ካልተመዘገበ በጀት የለም። ገብቶናል ብለን ራሳችንን ነቀነቅን።

እኛ ሰፈር ግን የመንግሥት ሰው ይመጣል ከተባለ ይጸዳል። ማንም አያዝም፤ ዝም ብሎ ይጸዳል። በዋዜማው ሰው ሁሉ ደጁን ሲጠርግ ዋለ። እኔም ጎበዝ ልባል ብዬ ከቺፉ ቢሮ እስከ ሻይ ቤታችን፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ቅንጬ አንድ በአንድ ከነሥሩ ነቀልኩ። እጄን ሲያሳክከኝ አደረ። ቺፉ ሲያልፍ አይቶኝ "በርቺ" ብሎኝ ነበር።

ተቆጣጣሪው በማግስቱ መጣ። ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ፣ ትሑት ወጣት ነበር። መንገዱን እስከ ጫፍ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ እናቴን "ማማ፣ ሳፊ ካቢሳ" አላት፤ በጣም ንጹሕ ነው ማለቱ ነው። እናቴ ማመስገን ጀምራ ወደ እኔ ዞረች።

"አረሙ አለ እኮ!" አለችኝ። "ንገሪው እንጂ!"

ነገርኩት። ጓሮ ወስጄም የነቀልኩትን ክምር አሳየሁት። በትዕግሥት ተመለከተውና ቅጹ የሚጠይቀው በቁሙ ያለ አረም መሆኑን ገለጸልኝ። ወደ ግጦሹ ሜዳ እንዳልወስደው መኪና አይገባም፤ ጎዶማ የሚባለው ቀጣዩ ሰፈርም እየጠበቁት ነበር።

"እንግዲያው ሻዩን ይቅመስ" አለች እናቴ።

ቀመሰ። ቅጹ ላይ ለጣዕም የተተወ ቦታ እንደሌለ ነገረን። ከዝናቡ በኋላ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ።

"ማነው ንቀዪ ያለሽ?" አለችኝ እናቴ።

"ማንም።"

"ታዲያ ለምን ነቀልሽ?"

"ሰው ይመጣል ስለተባለ።"

እሷም ደጃችን ላይ ያሉትን ድንጋዮች ኖራ ቀብታ ነበር።

ዝናቡ ሲጥል ቅንጬው መንገድ ዳር እንደገና በቀለ። እናቴ ጠባቂው ሆነች። አንዲት ሴትዮ ለመጥረጊያ ልትነቅል ስታጎነብስ ከሻይ ቤቱ ሮጣ ወጥታ "ተዪው እህቴ፣ የመንግሥት ነው!" አለቻት። ሴትዮዋም ይቅርታ ጠይቃ ሄደች።

ተቆጣጣሪው ቃሉን ጠብቆ ተመለሰ። አረሙ ጉልበት ደርሶ ነበር፤ ደስ ብሎት መዘገበው። በጀቱ የአንድ ሳምንት ሥራ ሆኖ መጣ፤ ከተቀጠሩት አንዷ እኔ ነበርኩ። በመጀመሪያው ጠዋት ጓንታችንን አድርገን ከመንገዱ ዳር ልንጀምር ተሰለፍን። ከዚያ ጀምሩ ያለን አልነበረም።

ጎረቤታችን ቆማ አየችን። "ላሞቼ አስፋልት አይበሉም" አለች።

እናቴ ክንዴን ይዛ ወደ ሜዳው መራችኝ፤ ሌሎቹም ተከተሉን። ሜዳውን ጨርሰን ወደ መንገዱ ሳንመለስ ሳምንቱ አለቀ። ወተቱ ቀስ በቀስ ተስተካከለ።

በኋላ ተቆጣጣሪው የሥራውን ውጤት ሊያረጋግጥ መጣ። መኪናውን መንገዱ ዳር አቁሞ በቁሙ ያለውን ቅንጬ ተመለከተና ሥራው እንዳልተሠራ ጻፈ። እናቴ አልተከራከረችውም፤ ሻይ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩባት።