ለአውራ ጣቴ የተሠራው ቁልፍ

ያንን የክትፎ ጣባ ሳጥብ ዛሬም ይቀፈኛል።

ልጄን ሊያገባ ያሰበው ልጅ ለአረፋ ከወልቂጤ መጥቶ ቡታጅራ እኛ ቤት ዋለ። ዩኒቨርሲቲ አብረው ነው የተማሩት። ከተመረቁ በኋላም ሰው ስልኩን ተጭኖ ባጃጅ የሚጠራበት አፕ በጋራ ይሠሩ ነበር፤ ለሙከራ ብለው የሰፈራችን ባጃጅ ነጂዎች ስልክ ላይ ጭነውላቸዋል። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የቤታችን ትልቅ ወንድሜ ስለሆነ፣ የልጁ ሽማግሌዎች ከበዓሉ ቀጥሎ ባለው ጁምዓ ወንድሜ ቤት እንዲመጡ ተቀጥረዋል።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ፊደል እለያለሁ፤ ስልክ ግን እፈራለሁ፣ የሆነ ነገር ነክቼ የማበላሽ ይመስለኛል። ልጄ አፑን ስትሠራ እኔን አጠገቧ አስቀምጣ ነበር። «እማ፣ ሳታስቢ ተጫኚ» ትለኛለች። በርበሬ ስቀነጥስ የኖረው አውራ ጣቴ ወፍራም ነው፣ አንዱን ልጫን ስል ሁለቱን እጫናለሁ። እሷም ባጃጅ የሚጠራውን ቁልፍ ዝቅ ታደርገዋለች፣ ሰፋ ታደርገዋለች፣ እንደገና ትሰጠኛለች። በመጨረሻ ጣቴ ሳይፈልግ የሚያገኘው ቦታ ላይ አረፈ።

ከልጁ ጋር የሚጨቃጨቁት በዚሁ ነው። እሷ የስልኩ ገጽ ምን እንደሚመስል ለብቻው ፋይል ላይ ትጽፋለች፤ ሥራውን የሚሠራው ኮድ ሌላ ቦታ ይቀመጣል። አንዴ አሳይታኛለች። ጽሑፉ እንደ ሳጥን ይከፈታል፣ በውስጡ ሌላ ሳጥን ይከፈታል፣ ተራ በተራ ይዘጋል። በመሀሉ «ባጃጅ ጥራ» የሚለውን ራሴ አነበብኩት። እሱ ደግሞ ገጹም ቁልፉም ሁሉ በኮድ ይጻፍ ባይ ነው። ሁለት ቦታ መመላለስ ምን ያደርጋል፣ በኮድ ከሆነ ገጹን እንደ ሁኔታው መለዋወጥ ይቀላል ይላል። የሁለቱም ነገር ለእኔ እኩል ነው፤ ወጣቶች ናቸው፣ ይጨቃጨቁ ብዬ እተወዋለሁ።

የአረፋ ዕለት እሷ ከእኔ ጋር ማድ ቤት ነበረች። ጎመኑን ከተፈች፣ ቅቤውን አነጠረች፣ ላቧ በፊቷ ይወርዳል። እሱ ሳሎን ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ውሃ ይዤ ስገባ ቀስ ብሎ ዘጋውና ፈገግ አለልኝ። ክትፎውን የቀንድ ማንኪያውን እየላሰ በላ፤ «እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ» አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ጨመርኩለት።

በማግስቱ ገበያ ልሄድ ስልኩን ባነሳ ቁልፌ የለም። ከላይ ጥግ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ነገር አለች። እሷን ልጫን ስል ሌላ ነካሁ፣ ገጹ ጠፋ። አበላሸሁት ብዬ ለልጄ ሰጠኋት። ላፕቶፗን ከፍታ ሁለቱም ሥራቸውን በጋራ የሚያስቀምጡበትን ቦታ አየች፤ ፊቷ ተለወጠ። ፋይሎቿ በሙሉ ጠፍተዋል፣ ገጹ ሁሉ በእሱ ኮድ ተጽፏል። ሰዓቱ እዚያው ተመዝግቧል፤ እኛ ማድ ቤት በነበርንበት ጊዜ ነው።

ይሄ ኮድ የምትሉት ቆሻሻ ነው አልኳት።

«ኮዱ ምን አደረገ እማ?» አለችኝ። «እንደሱ የሚሠሩ ብዙ ናቸው፣ ጥሩም ይሠራሉ። ቢጠይቀኝ ምናልባት እሺ እል ነበር።»

ደወለችለት፤ ድምፁ ለእኔም ይሰማል። ሳቀ። ድካም ነው የቀነስኩልሽ አላት። ሳትጠይቀኝ ለምን አጠፋህ ስትለው፣ «ምኑን ልጠይቅሽ? ነገ አንድ ቤት ልንገባ አይደል?» አለ። የእናቴ ቁልፍስ አለችው።

«አፑ ለእናትሽ ነው እንዴ የሚሠራው? እሳቸው እንደሆኑ በእግር መሄድ ለምደዋል።»

ስልኩን ዘጋችው። አላለቀሰችም። የድሮው ቅጂ ተቀምጦ ኖሮ ፋይሎቿን መልሳ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። እኔ ግን የትናንቱን የክትፎ ጣባ ላጥብ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ማንኪያውን ሲልስ፣ ፈገግ ሲልልኝ፣ ሆዱ ውስጥ ይህን ይዞ ነበር። ዛሬ ፋይል ነው፤ ነገ በምን ነገሯ ላይ ተነስቶ እንዲሁ ይስቃል? ደግሞም ፈራሁ። ሽማግሌ እንደሚመጣ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ወንድሜ ሽማግሌዎቹን ለመቀበል ሽር ጉድ እያለ ነው። በባጃጅ ቁልፍ ተጣልተው ቀረ ቢባል ማን ያምነኛል?

«እማ፣ ሽማግሌ ፊት አፌ ይታሰራል» አለችኝ። «ጁምዓ ከመጡ አለቀልኝ። አንቺ አጎቴ ጋ ሂጂልኝ፣ እንዳይመጡ ይንገራቸው።»

ነጠላዬን አደረግኩና ስልኩን ያዝኩ። ጣቴ ቁልፉን ሳይፈልግ አገኘው። ባጃጁ በራችን ድረስ መጣ።

ወንድሜ የሚኖረው ወደ ቡኢ መውጫ ነው። መንገዱን ሙሉ ቃል ስመርጥ ሄድኩ፤ ስለ ፋይልና ስለ ኮድ አስረዳለሁ ብል እንደምሳሳት አውቃለሁ። ገብቼ ሰላምታውን እንኳን በወጉ ሳልጨርስ፣ እኛ ማድ ቤት ምግቡን ስንሠራለት እሱ ሳሎን ተቀምጦ የለፋችበትን አጠፋባት አልኩት።

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ።

«አልነገራትም?»

«አልነገራትም።»

«ከዚያ በላ?»

«ጨምሬለት በላ።»

ፊቱን አጨማደደ። ከኪሱ ስልኩን አውጥቶ ጁምዓ እንዳይመጡ ሊነግራቸው ወደ ሽማግሌዎቹ ደወለ።