የሪአክት ክብር በሐጂ ሱቅ

ጎንደር ሰውን ከሙያው በፊት ቤቱን ትጠይቃለች። የቅኔ ተማሪ ከሆነ ከማን እግር ሥር እንደተማረ፣ ነጋዴ ከሆነ የማን ልጅ እንደሆነ ሳይታወቅ ሥራውን የሚያይለት የለም። እኛ ዌብሳይት የምንሠራ ጥቂት ልጆች ላፕቶፕ ስለተሸከምን ከዚህ ያመለጥን ይመስለን ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳ አንድ ጭማቂ ቤት ስንሰበሰብ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ሠራሽ?» ሳይሆን «በምን ሠራሽው?» ነው።

ፍሬምወርክ የሚሉት፣ ሁሉን ከባዶ ላለመጀመር ሌሎች አሰናድተው ያስቀመጡት መነሻ ነው። በዚያን ጊዜ በሪአክት የሚሠራ ሰው ወንበር ይለቀቅለታል፤ በአንጉላር የሚሠራ ይደመጣል፤ እንደ እኔ ከሁሉ በቆየው በጄኩዌሪ የሚሠራ ጭማቂ ለማዘዝ ይላካል። «እሱ እኮ ፍሬምወርክ አይባልም» ይሉኛል። ሪአክትንም ሠሪዎቹ ራሳቸው ፍሬምወርክ አይሉትም፤ ይህን አንድ ቀን ባነሳው ጠረጴዛው ለቅሶ ቤት መሰለ።

የጠረጴዛው አለቃ አዲስ አበባ ሠርቶ የተመለሰ ልጅ ነበር። አጎቱ ሐጂ ደግሞ ብቸኛ ደንበኛዬ ናቸው። ቤተሰባቸው ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የሐበሻ ልብስ ይነግዳል። ከጎንደር ወጣ ብሎ ትክል ድንጋይ ወይም እንፍራንዝ ያለ ሰው ከተማ ሳይመጣ የሠርግ ልብሶቻቸውን በስልኩ እንዲያይ ዌብሳይት ሠርቼላቸው ነበር። ይሠራል፣ ፈጣን ነው፣ ያማረረ ሰው አልነበረም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሐጂ አስጠሩኝ።

«ልጄ፣ የሠራችልዎ ያረጀ ነገር ነው አለኝ የወንድሜ ልጅ።»

«ሐጂ፣ ይሠራል እኮ።»

«መሥራቱንስ ይሠራል። ሰው ምን ይላል? እኔ ቤት ያረጀ ነገር ገብቶ አያውቅም። ለሠርጉ ወር ያ የሚከበረው ይሁንልኝ፤ ካልሆነ ሌላ ልጅ እፈልጋለሁ።»

የሪአክትን ስም እንኳ አያውቁትም፤ መከበሩን ብቻ ነው የሰሙት። ደሜ ፈላ። ግን እሳቸው ከተውኝ የሱቁ መደዳ በሙሉ ይተወኛል። «ሐጂ ያባረሯት ልጅ» ከተባልኩ ዌብሳይት ቀርቶ ፎቶ ኮፒ የሚያሠራኝ አላገኝም። ጥርሴን ነክሼ የሠራሁትን አንስቼ በሪአክት እንደ አዲስ ሠራሁት።

ቅዳሜ ወንበር ተለቀቀልኝ። አለቃችን ራሱ የማንጎ ጭማቂ አዘዘልኝ። ጣፈጠኝ፤ ምን ይደረግ።

ጥር ገባ። አዲሱ ዌብሳይት ከተማ ውስጥ፣ በደህና ስልክ ሲከፈት ሸጋ ነበር። ከድሮው ስለሚከብድ ኔትወርኩ በሚያነክስበት አገር ግን ፎቶው ሊመጣ ቀርቶ ገጹ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ይህን ያወቅሁት ሱቁ ውስጥ ቆሜ፣ አንድ የሙሽራ አባት ከትክል ድንጋይ መጥተው ሐጂን ሲያነጋግሩ ነው።

«ነጩን በልጄ ስልክ አይተነዋል» አሉ ሽማግሌው። «ሸጋ ነው። ምነው ጥለት አልሠራችሁለትም?»

«አያ፣ የቱን ነው ያዩት?» አሉ ሐጂ።

ሽማግሌው ስልኩን ከኮታቸው ኪስ አወጡ። ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነጭ ገጽ ነው። የሐጂ ሱቅ ስም እንኳ ብቅ አላለም። በጣታቸው የስልኩን ጠርዝ ዙሪያውን ተከትለው አሳዩን።

«ይኸው፣ ጥለት የለው፣ ጥልፍ የለው። እኛ የምንፈልገው ለሙሽራ ነው፤ ይኸ ግን ከፈን መሰለብን።»

ሐጂ ቀና ብለው አዩኝ። እዚያ ሱቅ ውስጥ ከፈን የሚል ቃል ስለ ሠርግ ልብስ ተነግሮ አያውቅም። ሳቄ መጣ፤ ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞርኩ። ሐጂ እየማሉ እየተገዘቱ መደርደሪያውን በሙሉ አወረዱላቸው፤ ሽማግሌውም ባለ ወርቅ ጥለቱን መርጠው ሄዱ። ከዚያ ሐጂ በሩን ገርበብ አደረጉት።

«የድሮው አለሽ?»

«አለኝ።»

«መልሺልኝ። ለሰው ግን አዲሱ ነው በይ።»

በዚያኑ ዕለት መለስኩት። ቅዳሜ አለቃችን ስልኩን ከፍቶ የአጎቱን ዌብሳይት ለጠረጴዛው አዞረ። «አያችሁ? በሪአክት ይሠራ ያልኩት ለዚህ ነው። ፍጥነቱን እዩት።» ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ አደነቀ። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ የሐጂን አደራ አስቤ ዋጥኩት። እነሱ የናቁት ሥራዬ በገዛ አፋቸው ሲመሰገን ኮራሁ፤ ምስጋናው ለሌላ ስም ሲሄድ ደግሞ አንገበገበኝ።

ዌብሳይት በምን እንደተሠራ ለማወቅ ኮዱን ገልጦ ማንበብ ይበቃል። ለማንም ክፍት ነው፤ እዚያ ለተቀመጡት ደግሞ እንጀራቸው ነው። ላፕቶፖቻቸው ፊታቸው ተከፍተው ነበር። የገለጠ የለም።

ከዚያ ወዲያ የሱቁ መደዳ «ያቺን የሪአክቷን ልጅ ጥሩልን» እያለ ሥራ አጎረፈልኝ። ሁሉንም በጄኩዌሪ ሠራሁላቸው።